ስም የበዛላት ፓምፕ

ፓንደሌን የሰደበው ሰው መሐንዲስ ቱዶሴ ነው። ቀኑ ከፋሲካ ቀጥሎ ያለው ማክሰኞ፣ ቦታው የፓምፕ ጣቢያው ምግብ ቤት፣ ሰዓቱም የባቄላው ሾርባ ተቀድቶ ዳቦው ገና ያልቀረበበት ነበር። የሰሙት የሁለቱም ፈረቃ ሠራተኞች፣ ወጥ ሠሪዋ፣ ደግሞም ናፍጣ ሊያራግፍ መጥቶ ሾርባ የተጋበዘ አንድ ሾፌር ናቸው። ፓንደሌ ከሁሉም በላይ ያን ሾፌር አይረሳውም። የመንደር ሰው ቢሰማ ያው የመንደር ሰው ነው፤ ሾፌሩ ግን ስድቡን ይዞት ሄደ፤ የት የት እንዳደረሰው ማን ያውቃል።

መሐንዲሱ ድምፁን ከፍ አላደረገም። የተማረ ሰው ሲሳደብ ምን ብሎ ይጮኻል? ማንኪያውን ቀስ ብሎ አስቀመጠና፣ "ስለ አራት ቁጥር ፓምፕ ደጋግሜ ጽፌያለሁ ትላለህ። ፋይሉን ሁሉ አስፈልጌያለሁ፤ አንድም የለም። መጻፍ ያልሆነለት ሰው ቢያንስ መዋሸት ባይለምድ ምን ነበረበት?" አለ።

ፓንደሌ ትምህርቱን ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጠ ሰው ነው። ስለዚህ የስድቡ ጫፍ የት እንደሚወጋ መሐንዲሱ አሳምሮ ያውቅ ነበር። በልጁ ዕድሜ ያለ ሰው "አንተ" ማለቱም አልቀረም፤ ያንንም ፓንደሌ ከስድቡ ጋር አንድ ላይ አስቀመጠው።

ነገሩ የመጣው ከዳኑብ ሙላት ነው። በዚያ ፋሲካ ወንዙ ሲያብጥ፣ ከአፈር ግድቡ ወዲህ የሚጠራቀመውን ውኃ ከሚስቡት ፓምፖች አንዷ፣ አራተኛዋ፣ መዞር አቁማ ደርቃ ቀረች። የሳልቻ መንደር ዝቅተኛው ሰፈር ውኃ ገባበት። የሞተ ሰው የለም፤ ግን ድንቹ በየጓዳው ተንሳፈፈ፣ ግድግዳው አበጠ፣ ዶሮው አለቀ። በዚያ ቀን ተረኛው ፓንደሌ ነበር። ከዚያ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ የሚሰጠው ሰላምታ እያጠረ፣ እያጠረ ሄዶ የአገጭ ንቅናቄ ብቻ ሆነ። አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። የመጨረሻው ስብሰባ በኅዳር፣ ከወንዙ ማዶ ብረኢላ ከተማ፣ ከምሳ በኋላ ተቀጠረ። "ቸልተኛ ነበር" ከተባለ ከጣቢያው ይነሳል፤ እድሜውን በኖረበት መንደርም ሰፈር ያሰመጠ ሰው ሆኖ ይቀራል።

በቀጠሮው ቀን ጠዋት ፓንደሌ የቤተ ክርስቲያን ኮቱን ለብሶ ወደ ጀልባ መሻገሪያው ሲወርድ ጉም ወንዙን ደፍኖታል። ጀልባው ማዶ ቆሟል፤ ጉሙ ሳይገልጥ አይነሳም። መጠለያው ውስጥ አንዲት ወጣት ቦርሳዋን ታቅፋ የሱፍ ፍሬ ትፈለፍላለች። ቀረብ ሲል አወቃት፤ ኢሊንካ ናት፣ የኔኩላይ ልጅ። ኔኩላይ የፓንደሌ የፈረቃ ጓደኛ ነበር፤ ከጥቂት ዓመታት በፊት ክረምት ላይ እዚያው ጣቢያ ውስጥ ልቡ ቀጥ ብላ ሞተ። ልጅቱ ያሽ ከተማ ኮምፒውተር ተምራ ተመለሰች፤ አሁን የውኃው መሥሪያ ቤት ፋይሎች በእሷ እጅ ናቸው።

"እንደምን አደሩ፣ ኔያ ፓንደሌ" አለች፣ ለአባቷ ባልደረባ እንደሚገባው፣ ጋሼ እንደማለት 'ኔያ' ብላ፣ ብድግ እያለች። "ወዴት ነው?"

"ወደ ፍርዴ። አንቺስ?"

"እኔም እዚያው። ኢንጂነር ቱዶሴ የፍለጋውን ወረቀት ይዘሽ ነይ ብለውኝ።"

"አንድም የለም የሚለውን?"

"እሱን።"

"እንግዲያው የመስቀያዬን ገመድ የያዝሽው አንቺ ነሽ" አለ ፓንደሌ አጠገቧ እየተቀመጠ። "ጎበዝ። አባትሽ ቢያይሽ ይኮራ ነበር።"

ሌላ ልጅ ብትሆን ታኮርፍ ነበር። ኢሊንካ ግን ከሱፉ ቆንጥራ በመዳፉ ላይ አኖረችለት። "ገመድ ከሆነ አብረን እንየዋ" አለችው። "ጀልባው እንደሆነ አልመጣም።"

ፓንደሌ ሱፉን እየቆረጠመ የልቡን ነገራት። ሪፖርቶቹን ቱዶሴ አጥፍቷቸዋል። ለዚህ ማስረጃ አለው፤ ራሱ ፈልጓል። መጀመሪያ ከጣቢያው ኮምፒውተር ላይ የየቀኑን ፋይል አንድ በአንድ እየከፈተ በዓይኑ አነበበ፤ የአንድ ክረምቱን ሳይጨርስ ዓይኑ ደከመ። ቀጥሎ፣ ወጣቶቹ ሲያደርጉ እንዳየው፣ መፈለጊያዋ ሳጥን ውስጥ የፓምፗን ስሞች ሁሉ ባንድ መስመር ደርድሮ ጻፈ። ማሽኑ "ምንም አልተገኘም" አለው። በእጁ የጻፈውን ያውቃል፤ ከሌለ፣ ያጠፋው አለ።

ኢሊንካ መፈልፈሏን አቆመች። "የፓምፗን ስሞች አሉኝ? ፓምፕ ስንት ስም አላት?"

"ያው... ቁጥሯ ነዋ" አለ ፓንደሌና ወደ ጉሙ ዞረ።

መዞሩን አይታለች፤ ግን አልተጫነችውም። ላፕቶፗን ከፍታ ሥዕልም ቁልፍም የሌለበት ጥቁር መስኮት አወጣች፤ በመካከሉ አንዲት ነጭ ምልክት ብልጭ ድርግም ትላለች። ፓንደሌ ማሽኑ የተበላሸ መስሎት ፈቀቅ አለ። ተበላሽቶ አይደለም፣ እዚህ ጋ ሰው የሚፈልገውን በጽሑፍ ያዛል፣ ማሽኑም በጽሑፍ ይመልሳል ብላ አስረዳችው። ቃል የሚፈልግላት መሣሪያ "ግሬፕ" ይባላል። የዓመታቱን የፈረቃ ሪፖርት ባንድ ትንፋሽ ያነብና፣ የተጠየቀው ቃል ያለበትን መስመር ከነፋይሉ ስም ያወጣል።

"ማንበብ ብቻ ነው?" አለ ፓንደሌ። "እያነበበ የሚሰርዘውስ?"

"ግሬፕ ብዕር አልያዘም። ዓይን ብቻ ነው ያለው።"

"ዓይን ብቻ ያለው ሰውም ስንት ነገር አጥፍቷል።"

ኢሊንካ ሳቀችና ጻፈች፦ አራት ቁጥር። መስመሮቹ ወዲያው ወረዱ፤ ጥቂት ናቸው። አራት ቁጥር ቀለም ተቀባች። አራት ቁጥር ዘይት ተለወጠላት። አራት ቁጥር ደህና ናት። ሁሉም የድሮ።

"ይኸው" አለ ፓንደሌ፣ እንዳሸነፈ ሰው። "ቱዶሴ የእኔን ለቅሞ አውጥቷል።"

እሷ ግን ፊቷን ወደ መስኮቱ አስጠግታ፣ ጣቷን በፋይሎቹ ስም ላይ እያስኬደች ታስባለች። ፋይሎቹ የሚጠሩት በቀናቸው ነው። "ኔያ ፓንደሌ፣ እስቲ ይህን ይዩልኝ። ይቺ ፓምፕ እስከ አንድ ክረምት ድረስ በሁሉም ሰው ሪፖርት ውስጥ አለች። ከዚያ በኋላ ከሁሉም ሰው ሪፖርት ጠፋች። የእርስዎን ሊያጠፋ የፈለገ ሰው የሌላውን ሁሉ ምን አድርጎኝ ብሎ ያጠፋል? ቀለም መቀባቷን የሚጽፍ እንኳ የለም።" ጣቷን ካንዱ ቀን ላይ አቆመችና፣ "ክረምቱን ደግሞ አውቀዋለሁ" አለች። "አባቴ የሞተበት ነው።"

ፓንደሌ የሱፉን ገለባ ከመዳፉ አራገፈ። የተማሩ ሰዎች ነገር ይኸው ነው፤ አንድ ክር ካገኙ ሹራቡን ካልተረተሩ አያርፉም። ግን ልጅቱ የፈለገችው እሱን ለማዋረድ አለመሆኑ ገብቶታል። ማወቅ ብቻ ነው የፈለገችው፤ ኔኩላይም እንዲሁ ነበር፣ ደህና የሚሠራ ሞተር ፈትቶ የሚያይ።

ስለዚህ ነገራት። አባቷ የወደቀው በአራተኛዋ ፓምፕ ሥር ነው። ለአርባው የተቀቀለ ስንዴውን ጣቢያው ውስጥ ሲካፈሉ፣ የዚያን ጊዜው የፈረቃ አለቃ "ከዛሬ ጀምሮ ይህን ቁጥር በአፉ የሚጠራ እንዳይኖር" አለ። መጀመሪያ ለሟቹ ክብር ነበር፤ በኋላ ልማድ ሆነ፤ ከዚያም ቁጥሯን የጠራ ተረኛ ፈረቃው አያምርለትም ተባለ። ሰው ግን ሥራ ላይ ነው፤ ፓምፗ ደግሞ አመለኛ ናት፤ ስለእሷ ሳይጽፍ አይውልም። እናም አንዱ "መጨረሻዋ" ብሎ ጻፈ፣ አንዱ ከጎኗ በበቀለው ዛፍ "የአኻያዋ"፣ ፋኔ የሚባለው ተረኛ "ሰነፏ"።

"እርስዎስ?"

ፓንደሌ ጉሮሮውን ጠረገ። ጀልባውን በዓይኑ ፈለገ። ጀልባ የለም።

"እኔ..." አለ፣ "'የቬታ' እያልኩ ነው የምጽፈው። እናትሽን ቬታን ለማቃለል አይደለም። ኔኩላይ የቬታ ነበር፤ የሞተባት ፓምፕም... እንዲያው መጣልኝ፣ ቀረ።"

በዚህ ጊዜ ልጅቱ ታለቅሳለች ብሎ ፈርቶ ነበር። ኢሊንካ ግን አፏን በእጇ ሸፈነችና፣ "እናቴ ሰምታዋለች፤ ከተሰማ ቆይቷል" አለችው። "እሷ ራሷ ምን እንደምትላት ያውቃሉ? ጣውንቴ። ከእኔ ይልቅ ከእሷ ጋር ነው ያደረው ትላለች።"

ፓንደሌ ከፋሲካ ወዲህ ሳይስቅ የቆየ ሰው ነው። አሁንም ሳቀ ለማለት ያስቸግራል፤ አፍንጫው ግን ተነፋ።

"ይህን ሁሉ ኢንጂነሩ ያውቃሉ?"

"እሱ ከቡካሬስት የመጣ ነው። ምን አገባው?"

ኢሊንካ ይህን አለፈችውና ወደ እሱ ፍለጋ ተመለሰች። ስሞቹን ሁሉ ባንድ መስመር ደርድሮ መጻፉ ነው ስህተቱ። "ማሽኑ የገባው፣ እነዚህ ቃላት ሁሉ እንዲህ ተያይዘው የተጻፉበት መስመር አለ ወይ ነው። የለም። ማነው ባንድ መስመር አራት ጊዜ የሚጠራት? መጠየቅ የነበረብዎት፦ ይቺ፣ ወይም ያቺ፣ ወይም ያቺ፤ አንዷ እንኳ ካለች አምጣ።"

"'ወይም'ን ታዲያ እንዴት ነው የምነግረው?"

ከቁልፎቹ አንዱን አሳየችው፤ ቀጥ ብላ የቆመች ሰረዝ። ስሞቹን በጥቅስ ምልክት ውስጥ ጻፈችና በመካከላቸው ሰረዟን አቆመች። ቀድማም ሰፊውን አጠያየቅ የሚፈቅደውን አጭር ምልክት አስገባች፤ ያለ እሱ ግሬፕ ሰረዟን እንደ ተራ ፊደል ይቆጥራታል። ፊደሉ ትልቅም ይሁን ትንሽ ግድ እንዳይለው ሌላ ምልክት ጨመረች፤ ተረኛ ሲቸኩል እንዴት እንደሚጽፍ ታውቃለች። ከዚያ መስመሮቹ እንደ ጎርፍ ወረዱ።

ፓንደሌ ጎንበስ ብሎ አነበበ። የአኻያዋ ሥር አጠገብ ትልቅ ካርፕ ዓሣ ተያዘ። የአኻያዋ ቅርንጫፍ ሽቦ ላይ ወደቀ፣ ተቆረጠ። ሰነፏ ድመት ዛሬም አይጥ አልያዘችም። ሰነፏ ድመት ወለደች።

"ይህንን ነው ለኮሚቴው የምታቀርቢልኝ?" አለ። "ቱዶሴ ሸረበ ያልኩትን ሴራ የሸረብሽው አንቺ ሆነሽ እንዳትገኚ።"

"አልጨረስንም እኮ። አሁን ያወጣነውን እንደገና እናጣራዋለን። ስለ ሕመሟ ስትጽፉ ምን ምን ትላላችሁ?"

ኩሽኔታ፣ አላት፤ የሚዞረውን ዘንግ የሚሸከመው ብረት። ጩኸት። ግለት። ውኃ ትተፋለች። ኢሊንካ እነዚህን በሌላ ጥቅስ ውስጥ በሰረዝ እየለየች ጻፈችና፣ የመጀመሪያውን ትእዛዝ ከሁለተኛው ጋር ልታገናኝ ያንኑ ቋሚ ሰረዝ መታች። ይህኔ ፓንደሌ እጇን ያዘ።

"ቆይ፣ ቆይ። ይቺ ሰረዝ 'ወይም' ናት አላልሽኝም? አሁን ደግሞ መሃል ላይ ምን ትሠራለች?"

ጥያቄው ደስ አሰኛት። ብዙ የተማረ ሰው እዚህ ላይ ይደናቀፋል። ሰረዟ በጥቅሱ ውስጥ ስትሆን "ወይም" ናት፤ ከጥቅሱ ውጭ ስትሆን ግን ከአንዱ መሣሪያ የወጣውን ወደ ሌላው ታስተላልፋለች፤ ሰዎቹም "ቧንቧ" ይሏታል። በሁለት ወንፊት እንደ መንፋት ይቁጠሩት ብላ ልትቀጥል ስትል ፓንደሌ ቀደማት።

"ወንፊት ምን ያደርግልኛል፣ ቧንቧ ካልሽ በቃ። ጎን ለጎን የቆሙ ፓምፖች አሉ፤ ሁሉም ከአንዱ ቦይ ይስባሉ፣ አንዱ ያልሳበውን ሌላው ይስባል። ይሄ 'ወይም' ነው። ተከታትለው የቆሙ ደግሞ አሉ፤ የመጀመሪያው የተፋውን ብቻ ነው ሁለተኛው የሚያገኘው። ይሄ ደግሞ... ምን ትሉታላችሁ?"

"'እና'" አለች ኢሊንካ። "ስሟም ያለበት፣ እና ሕመሟም ያለበት።"

"ልክ። እኔ ሞኙ ጎን ለጎን ማቆም ያለብኝን ቀጣጥዬው ነበር።"

ከሁለቱ ፓምፖች ያለፈው ቀረ። ካርፑም ድመቷም የሉም። ኢሊንካ ጮክ ብላ አነበበች፦ "የቬታ ኩሽኔታ ይጮኻል። እንዲታይ ጽፌያለሁ። ፓንደሌ።" ከበጋው ደግሞ፦ "የቬታ ኩሽኔታ እንደገና። ያነበበው ሰው ካለ መልስ ይስጠኝ። ፓንደሌ።" ቀጠለች። ልክ ከፋሲካ በፊት፦ "ሰነፏ ዛሬም ግለት አለባት። ፓንደሌ ያለው እውነት ነው፣ ካልተለወጠች ጉድ ታፈላብናለች። ፋኔ።"

"ያንን ድገሚልኝ" አለ ፓንደሌ።

ደገመችለት። ፋኔ በዚያ ማክሰኞ ሾርባው ላይ አቀርቅሮ ዝም ያለው ሰው ነው፤ ፓንደሌም ከዚያ ቀን ጀምሮ አላናገረውም። ለካ ቀድሞ ተናግሮለታል፤ በጽሑፍ፣ ማንም በማያነብበት ቦታ።

ሰው በዚህ ጊዜ ደስ ይለዋል ተብሎ ይጠበቃል። ፓንደሌ ግን አንድ ነገር እንደጎደለው ተሰማው። ከፋሲካ እስከ ኅዳር በልቡ ሲቀልበው የኖረ ጠላት ነበረው፤ ማታ ተነስቶ ፋይል የሚሰርዝ፣ ከንፈሩን የሚልስ ቱዶሴ። ያ ሰው በአንዲት ሰረዝ ጠፋበት። በቦታው የቀረው "አራት ቁጥር" ብሎ አስፈልጎ ያጣ፣ ያጣውንም የለም ብሎ ያመነ ሰው ብቻ ነው።

"አላጠፋም ማለት ነው" አለ።

"ምንም የጠፋ የለም ብዬ ልምልልዎት አልችልም፤ ይህ መሣሪያ ያለውን እንጂ የሌለውን አያሳይም። ግን ጠፋ ያሉኝ ይኸው አለ።"

"እሱ ግን የለም ብሏል። በሰው ፊት።"

"ጥፋታቸው እሱ ነው፤ የእኔም ነው፣ አትሜ ይዤ ነበርና። ማሽኑ ዝም ሲል 'የለም' ማለቱ አይደለም፤ 'በጠራችሁኝ ስም አላገኘሁም' ማለቱ ነው። እኛ ደግሞ ሌላ ስም ይኖራት ይሆን ብለን ሰው አልጠየቅንም።"

ጉሙ ሲሳሳ የጀልባው ጥሩንባ ከማዶ ተሰማ። ሲሻገሩ ፓንደሌ ብረቱን ተደግፎ ቆመና፣ ነገ ሌላ ተረኛ ሌላ ስም ቢያወጣላትስ ሲል ጠየቃት። እሷም ይህም ዘዴ አለው አለችው። ስሞቹን አንድ በአንድ፣ በየመስመሩ፣ አንዲት ትንሽ ፋይል ውስጥ ማኖር ነው፤ ግሬፕ ያቺን ፋይል ይዞ የስሞቹን ሁሉ ጥያቄ ባንድ ጊዜ ይጠይቃል። አዲስ ስም ሲወጣ እዚያ ላይ አንድ መስመር መጨመር ብቻ ነው፤ በመካከሏ ባዶ መስመር እንዳይገባባት ግን መጠንቀቅ ያስፈልጋል፣ ባዶ መስመር ካለ ሁሉንም ነገር ሰብስቦ ያመጣዋልና። "ስሞቹን የሚያውቅ ሰው ግን ያስፈልገኛል" አለች።

"ቁጥሯን ጻፉ ብላችሁ ታስገድዱናላችሁ ብዬ ነበር።"

"ለምን? አባቴን የምታስቡበት ነው። እናንተ እንደለመዳችሁት ጻፉ፤ እኛ መጠየቁን እንማር።"

የስብሰባው ነገር ረጅም አይደለም። ኢሊንካ የያዘችውን ወረቀት አላቀረበችም፤ ላፕቶፗን ከፍታ ፍለጋውን በኮሚቴው ፊት ደገመችው፤ ፓንደሌም ስሞቹን አንድ በአንድ አስመዘገበ፣ "የቬታ"ንም ሳይቀር። መስመሮቹ ተነበቡ። ቸልተኛ የሚለው ቃል ከቃለ ጉባኤው ወጣ፤ ፓንደሌ በሥራው እንዲቀጥል፣ ፓምፗም ከቀጣዩ ሙላት በፊት እንድትለወጥ፣ ውሳኔውም በሳልቻ እንዲለጠፍ ተባለ። ይህን ያህል ጥቅም የተገኘው ከአንዲት የጽሑፍ መስመር ነው። አሁን በጣቢያው ያቺ የስም ፋይል ተከፍታ፣ በየሳምንቱ ስለ እያንዳንዷ ፓምፕ ሕመም የተጻፈው በተጻፈበት ስም ሁሉ ይለቀማል። አመለኛ ማሽን ከመድረቋ በፊት ትታወቃለች፤ ዝቅተኛው ሰፈር ድንቹን በጓዳው ያስቀምጣል፤ ስምንተኛ ክፍል ያቋረጠ ሰው የጻፈውም እንደ ሌላው ይነበባል። ለመጠየቅ የሚሰንፍ መሥሪያ ቤት፣ የሚያውቀውን በሆዱ የሚይዝ ሠራተኛም፣ ሁለቱም ይህን ቢያስቡበት ደግ ነው።

ስብሰባው ሲበተን መሐንዲስ ቱዶሴ ኮሪደሩ ላይ ተከትሎት መጣ። ፊቱ ቀልቷል። በእጁ ያቺኑ የስሞች ዝርዝር ይዟል።

"ኔያ ፓንደሌ" አለ፤ እንዲህ ብሎ ጠርቶት አያውቅም። "ያን ቀን ምግብ ቤት ያልኩዎትን..." ብሎ ጀመረና ሳይጨርሰው ተወው። ከዚያ፣ የእውነት እንደቸገረው ሰው፣ "እኔ አራት ቁጥር ብዬ ነው ያስፈለግኩት፤ ሌላ ስም እንዳላት በምን ላውቅ?" አለ። "ይህን ያህል ዓመት ከእናንተ ጋር ሾርባ ስበላ፣ አንድ ሰው እንኳ ለምን አልነገረኝም?"

ፓንደሌ ለዚህ ሰው መልስ ሲያዘጋጅ ሰባት ወር ሆኖታል። አልጋው ላይ፣ ጣቢያው ውስጥ፣ ቤተ ክርስቲያን ቆሞ፤ አንዱ ከሌላው የሚብስ፣ ሰምቶ የማይተኛበት መልስ። ሁሉም ግን ለሌላ ጥያቄ የተዘጋጁ ነበሩ። ለዚህኛው ያለው መልስ አንድ ነው፦ ቱዶሴ "አራት ቁጥር" ባለ ቁጥር ሠራተኞቹ በጠረጴዛው ዙሪያ እንዴት እንደሚጠቃቀሱ፣ እሱም ፓንደሌ ከጠቃሾቹ አንዱ እንደነበረ።

ኢሊንካ ከበሩ አጠገብ ቆማ ታያቸዋለች። ፓንደሌ ባርኔጣውን አደረገ፣ ለሰላምታም ከፍ አድርጎት የመሐንዲሱን ፊት አየ፣ ከዚያም ያን መልስ በሆዱ ይዞ ደረጃውን ወርዶ ወደ ጀልባው ሄደ።